ባና አያሞቅም

ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ተማሪ በሚበዛበት ሰፈር፣ አንዲት ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። እንጀራዬ እሷ ናት፤ ዩኒቨርሲቲዬም እሷ ናት። ተማሪው ወረቀቱን ይሰጠኛል። ማሽኑ እስኪያወጣው ድረስ ምን ልሥራ? አነባለሁ። ችግሩ የማነበው እጄ ላይ የደረሰውን ገጽ ብቻ መሆኑ ነው። አርባ ሦስተኛው ገጽ ላይ የተጀመረ ነገር አርባ አራተኛው ላይ ምን እንደ ደረሰ ሳላይ ባለቤቱ ከፍሎ ይሄዳል። እውቀቴ እንደዚህ ነው፤ መሐሉ ሞልቷል፣ ጫፉ የለም።

ቢሆንም የሰበሰብኩት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ኦክቶፐስ የሚባለው የባሕር ፍጡር ሦስት ልብ አለው፤ እኔ በአንዱ ስንት መከራ አየሁ። እዚህ አንኮበር ገደል ላይ የሚርመሰመሰው ጭላዳ፣ ከዝንጀሮና ከጦጣ ወገን ሁሉ ተለይቶ እንደ በግ ሣር ግጦ የሚያድር እሱ ብቻ ነው ይላሉ። ደብረ ብርሃን ላይ የባቄላ ንፍሮ አልበስል የሚለን ደግሞ ምድጃው ሰንፎ ሳይሆን፣ ከፍታ ላይ ውሃ በደንብ ሳይግል ቸኩሎ ስለሚፈላ ነው። ይህንን ያነበብኩ ቀን ስንት ሴት በስንት አማት ፊት በከንቱ እንደ ተዋረደች አስቤ በንዴት ማሽኑን በቡጢ ነረትኩት።

ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በታኅሣሥ ማለቂያ መሆኑን ያነበብኩ ጊዜማ ሱቄን ዘግቼ አባቴ ጋ ሮጥኩ። ታኅሣሥ እኛ ዘንድ ውርጩ ጠዋት ጠዋት ሣሩን ነጭ የሚያደርግበት ወር ነው። አባቴ ደጅ ላይ በባና ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

«አባዬ፣ ፀሐይ አሁን ነው በጣም የምትቀርበን!» አልኩት።

ሽቅብ አያትና፣ «ታዲያ ምን አስኮረፋት?» አለኝ።

አባቴ ባና ሠሪ ነው። ባና ማለት ያ ከበግ ጠጉር የሚሠራው ወፍራም፣ ከባድ፣ ሲረጥብ የበግ ጠረኑ የሚመለስ ብርድ ልብስ ነው። ጠጉሩን በደጋን ይነድፋል፣ እናቴ ነፍሷን ይማርና ትፈትላለች፣ እሱ ይሸምናል፣ ከዚያ በሙቅ ውሃ እየነከረ ቀኑን ሙሉ በእግሩ ይረግጠዋል። ሲረገጥ ይጠብቃል፣ ይወፍራል። አርባ ዓመት የረገጠ ሰው ነው። አሁን ለጉልበቱ የቀረለት ነገር ቢኖር ስሙ ብቻ ነው።

እንግዲህ ለእንደዚህ ያለ ሰው ነው አንድ ቀን ሄጄ «ባና አያሞቅም» ያልኩት። የፊዚክስ ወረቀት ነበር። ብርድ ልብስ የራሱ ሙቀት የለውም፤ የሰውየው ሙቀት እንዳይወጣ ይይዛል እንጂ። በረዶም ብትጠቀልሉበት ከውጭ ያለውን ሙቀት ስለማያስገባ በረዶው ቶሎ አይቀልጥም ይላል።

«ምን አልሽ?»

«በረዶ ብትጠቀልልበት አይቀልጥም።»

«ሂጂ ከፊቴ» አለኝ። «አርባ ዓመት ሰው ሳሞቅ ኖሬ፣ አሁን በረዶ ጠባቂ ልታደርጊኝ?» ሳምንቱን ሙሉ አላነጋገረኝም። ሰላም ስለው ለበሩ ነው የሚመልሰው። እኔም እንደሱ ግትር ነኝ፤ «ይቅርታ» የምትባለዋን ቃል ጥርሴ ላይ አስቀርቻት ከረምኩ።

ከሦስት ዓመት በፊት «ብርዱ ጠላኝ» አለና እቃውን ጠቅልሎ አልዩ አምባ፣ ታናሽ እህቴ ጋ ወረደ። አልዩ አምባ ከአንኮበር ቁልቁል፣ ቆላው አፋፍ ላይ ነው። እህቴ እዚያ አግብታ እዚያው ቀርታለች። አባቴ ስኳር አለበት፤ ኢንሱሊን በየቀኑ ይወጋል። መድኃኒቱ ሙቀት አይወድም፣ እህቴ ደግሞ ፍሪጅ የላትም። ስለዚህ ሁለት የሸክላ ማሰሮ አንዱን በሌላው ውስጥ አስቀምጠን፣ በመሐላቸው አሸዋ ሞልተን፣ አሸዋውን በቀን ሁለት ጊዜ ውሃ እናጠጣዋለን። ውሃው እየተነነ ሲሄድ ውስጡን ያቀዘቅዘዋል፤ ብልቃጡ እዚያ ይቀመጣል። ይህንንም ያገኘሁት ከወረቀት ነው። አባቴ የተቀበለኝ ብቸኛ እውቀቴ ነበር። ቢቀበልም አላመሰገነኝም፤ «ይሄንንማ የውሃ እንስራም ያውቀዋል» ነው ያለው።

መድኃኒቱን በየወሩ ከደብረ ብርሃን ይዤ የምወርደው እኔ ነኝ። በፔርሙዝ ነበር የምወስደው። ዘንድሮ ግንቦት ላይ ፔርሙዙ ከእጄ አምልጦ እንክትክት አለ። ተናደድኩ፣ ቀጥሎ ግን ደስ አለኝ። ባናው አለ! ክርክሩን በተግባር ላሸንፍ ነው።

መድኃኒት ቤት ያለው ልጅ ብልቃጦቹን ሲሰጠኝ «ቀዝቃዛ ቦታ ይሁን፤ ግን እንዳይ...» ብሎ ሲጀምር፣ «አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» ብዬ ቆረጥኩት። አፌን ምች ይምታውና! ከዚያ ቀዝቃዛ ጥሩ ከሆነ የበለጠ ቀዝቃዛ የበለጠ ጥሩ ነው ብዬ፣ ከሱቄ ጎን ጁስ ቤት ያለው ፍሪጅ ውስጥ፣ በረዶ የሚሠራበት ሳጥን ውስጥ፣ ብልቃጦቹን ከሁለት የውሃ ጠርሙስ ጋር አሳደርኳቸው። በማግስቱ ብልቃጦቹን በጨርቅ፣ ጨርቁንና ጠርሙሶቹን አንድ ላይ በአባቴ ባና ጠቅልዬ አንኮበር ደጋው ላይ ወዳለችው ጎረቤላ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ጥቅሉን ጭኔ ላይ አስቀምጬዋለሁ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ሲያዩት ቆዩና፣ «ስንት ወሩ ነው?» አሉኝ።

«ልጅ አይደለም እማማ፣ መድኃኒት ነው። እንዳይሞቀው ነው።»

«እንዳይሞቀው ብለሽ በባና ጠቀለልሽው?»

ጉድ ፈላ። ሚኒባሱ በሙሉ ዞረ። አንዱ «ይበስላል እኮ» ይላል፣ ሌላው «ግለጪለት፣ ይተንፍስ» ይላል፣ ረዳቱ «ከውጭ፣ ጭነቱ ላይ ልሰረው፣ ንፋስ ያግኝ» ይላል። እኔም አላስችል ብሎኝ ስለ ሙቀት አስተምራቸው ጀመር። የብርድ ልብስ አገር ሰው ስለ ብርድ ልብስ ሲማር አይወድም። ጎረቤላ ስንደርስ እናትየዋ ሲወርዱ፣ «ለማንኛውም አምላክ ይርዳው» አሉ፣ መድኃኒቱን ይሁን በሽተኛውን አልገባኝም።

ከጎረቤላ ቁልቁል በአይሱዙ ወረድኩ። አልዩ አምባ ስደርስ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። አባቴ ጥቅሉን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

«ቀቀልሽው?»

«ንካው!» አልኩት፣ ጠርሙሱን አውጥቼ። ከግማሽ በላይ በረዶ ነበር። ጮቤ ረገጥኩ ማለት ይቻላል፤ አርባ አራት ዓመቴ ባይሆን እዘል ነበር።

«ጎረቤላ ላይ ብርድ አግኝቶት ነው» ብሎ ፊቱን አዞረ። እህቴ ብልቃጦቹን ከነጨርቃቸው ማሰሮው ውስጥ ከተተቻቸው፣ እኔም በመጣሁበት መኪና ደረቴን ነፍቼ ተመለስኩ።

በአምስተኛው ቀን እህቴ ደወለች። «እትዬ፣ አባዬ ውሃ አልበቃው አለ። እንስራውን ጨረሰው። ከጠዋት ጀምሮ ያስመልሰዋል። አሁን ስጠራው በደንብ አይመልስልኝም።» በየቀኑ ስትወጋው እንደ ነበር እያለቀሰች ነገረችኝ። መኪና ለምና ጎረቤላ ጤና ጣቢያ አወጣችው፤ እኔም ከደብረ ብርሃን ሮጥኩ።

ስደርስ ክንዱ ላይ ግሉኮስ መሰል ነገር ተንጠልጥሎለት ተኝቷል። ግሉኮስ እንዳይደለ በኋላ ነው የተነገረኝ፤ ለስኳር በሽተኛ ስኳር ይሰጣሉ ብዬ ልጣላቸው ነበር። የስኳሩ መለኪያ ቁጥር መስጠት እንቢ ማለቱን፣ ከፍ ከማለቱ የተነሳ ማንበብ እንዳቃተው ነገሩኝ። ከንፈሩ እንደ ድርቆሽ ደርቋል። እጁን ስይዘው ማን እንደያዘው አላወቀም። እኔን የማያውቅ አባት አይቼ አላውቅም ነበር፤ ሲቆጣኝም፣ ሲያኮርፈኝም ያውቀኝ ነበር።

ግቢው ውስጥ እኔና እህቴ ተያያዝን። «ፀሐይ ላይ አስቀምጠሽው ነው! አሸዋውን ውሃ አላጠጣሽውም!» አልኳት። «አንቺ ነሽ በባና ቀቅለሽ ያመጣሽው! በየቀኑ የቀቀልሽውን ስወጋው ነው የሰነበትኩት!» አለችኝ። በሽተኛ ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ የራሱን ትቶ የእኛን ሰማ።

ተረኛዋ ሲስተር መሐላችን ገባች። እህቴ ብልቃጡን ይዛው ነበርና ተቀብላት ወደ ብርሃን አነሳችው። ነቅነቅ አደረገችው። ውስጡ እንደ ተበጣጠሰ እርጎ ነጭ ፍርፋሪ ይንሳፈፋል፣ የቀረው መስተዋቱ ላይ ተለጥፏል።

«ይሄ በረዶ ሆኖ ነበር እንዴ?» አለች።

እህቴ ሳቀች፣ ከብስጭት የወጣ ሳቅ። «አልዩ አምባ በረዶ? ሲስተር ሙች፣ እኛ ዘንድ በረዶ የሚታወቀው በወሬ ነው።»

«አንዳንዴ በረዶ ቤት ያስቀምጡታል። አንዴ በረዶ ከሆነ ቢቀልጥም አይሠራም። ውሃ እንደ መውጋት ነው።»

አርባ አራተኛው ገጽ ይህ ነበር። «አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» ብዬ የቆረጥኩት ልጅ «እንዳይ...» ያለው ይህንን ነበር። ባናው ሥራውን በትክክል ሠርቷል፤ በረዶውን ከነበረዶነቱ አልዩ አምባ አድርሶታል። ልክ ነበርኩ። ልክ ሆኜ አባቴን ልገድለው ነበር።

ምን አልኩ? ምንም። አፌን ያዝኩ። ዓለም ያወቀኝ ለፍላፊ፣ ያን ቀን ቃል ጠፋኝ። ሲስተሯ ወደ ሌላ በሽተኛ ሄደች፣ እህቴ «ይኸው፣ ተበላሽቷል ብላለች፣ ያንቺ ባና ነው» አለችኝ፣ እኔም ሰው ሁሉ የሚያምነውን ነገር አምኖ እንዲቀር ተውኩት። ፈሪ ነኝ ለካ።

አባቴ በሁለተኛው ቀን ነቃ፣ በሦስተኛው ቀን ተሳደበ፣ ስለዚህ ድኗል ብለው አወጡት። አዲስ መድኃኒት፣ በደንብ ተይዞ፣ በሲስተሯ ሳጥን ታሽጎ ከእኛ ጋር ወረደ። ቤት ስንደርስ ግን አዲስ ጣጣ ጠበቀን። በማግስቱ ጠዋት እህቴ መርፌውን ይዛ ስትቀርበው እጇን ገፋው።

«ከእንግዲህ አልወጋም።»

«ምነው አባዬ?»

«አስቢው እስኪ። የባና ሙቀት ከገደለው፣ የአልዩ አምባ ፀሐይ ምን ያደርገዋል? ባና እኮ እንዲህ አይግልም። ቆላ የማይኖር መድኃኒት ነው። ውሃ ነው የምትወጉኝ። ሥጋዬን በከንቱ አትብሱት።»

ክርክሩ ስህተት የለበትም። ያበደው መነሻው ላይ ነው፣ መነሻውን ደግሞ የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ በዝምታዬ። ካልተወጋ በአምስት ቀን ውስጥ ተመልሰን እዚያው ጤና ጣቢያ ነን፤ ሲስተሯ ደግሞ ሁለተኛ ከመጣ መትረፉን እንጃ ብላናለች።

«አባዬ፣ ባናው አይደለም» አልኩ። «እኔ ነኝ። በረዶ ሳጥን ውስጥ አሳድሬው በረዶ አደረግሁት። እዚያ ነው የተበላሸው። ሲስተሯ ስትናገር ሰምቼ ዝም አልኩ።»

እህቴ መርፌውን እንደያዘች አየችኝ። «ስትሰድቢኝ ታውቂ ነበር?»

«ስሰድብሽ አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲያ ነው ያወቅሁት።»

«እና ሦስት ቀን?»

«ሦስት ቀን።»

ሳይታወቃት መርፌውን ወደኔ ዞር አድርጋዋለች። «ይሄንን አንቺ ላይ ብሰካው ደስታዬ ነበር» አለች። ይቅርታ ጠየቅኳት። ጥርሴ ላይ የምትቀረዋ ቃል ያን ቀን ሳልለምናት ወጣች።

አባቴ ግን አላመነም። «መድኃኒቱን ለማስወጋት የማትዪው የለም» አለኝ። «ባና ነው። ባናን እኔ አውቀዋለሁ።»

«እሺ እንወራረድ። በረዶ ላምጣ። አንዱን በባና ልጠቅልል፣ አንዱን ባዶውን ልተው፣ እዚሁ፣ እያየኸው። የተጠቀለለው ቀድሞ ከቀለጠ አትወጋ፣ እኔም ዳግመኛ አፌን አልከፍትም። ባዶው ቀድሞ ከቀለጠ ግን ትወጋለህ።»

አፌን አልከፍትም ማለቴ ሳይስበው አልቀረም። «አምጪ» አለ።

ጎረቤታችን ነጋዴ ለስላሳ የሚያቀዘቅዝበት ፍሪጅ አለው። ሁለት እኩል ጠርሙስ በረዶ ሰጠኝ። ምን ላደርግበት እንደሆነ ስነግረው፣ «ወላሂ፣ የተጠቀለለው ነው የሚቀልጠው» አለና ሱቁን ለሚስቱ ትቶ ተከትሎኝ መጣ። አንዱን ጠርሙስ ትሪ ላይ አቆምኩት። ሁለተኛውን አባቴ እኔን ስላላመነ ራሱ ጠቀለለው፣ ሦስት ዙር፣ ጫፉን ወደ ውስጥ አጥፎ፣ እንደ አራስ ልጅ። ሁለቱንም ደጁ ላይ፣ አንድ ጥላ ሥር አስቀመጥናቸው። አባቴ በርጩማውን ስቦ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ።

እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። እስከዚያ ቀን ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት ከተገነጠለ ወረቀት ነው። ይሄስ ጫፍ ያለው ነገር ቢሆን? «ቆላ ላይ ግን አይሠራም» የሚል ገጽ ተማሪው ይዞት ሄዶ ቢሆንስ? ጎረቤላ ላይ ብርድ አግኝቶት ቢሆንስ? የአባቴ ነፍስ አንድ ጠርሙስ ላይ ተንጠልጥላለች፣ እኔ ደግሞ በየደቂቃው ጥቅሉን ልነካ ስነሳ «እጅሽን ሰብስቢ፣ ታሞቂዋለሽ» ይለኛል። እህቴ ከወዲያ ሆና ሰዓቱን ታያለች፤ የጠዋቱ መርፌ አልፏል።

ትሪው ላይ ያለው ማላብ ጀመረ። ከዚያ መንጠባጠብ። ነጋዴው «ቆይ፣ ይሄኛው ውስጥ ውስጡን ነው የሚቀልጠው፣ ሲፈታ ታዩታላችሁ» ይላል። ለምሳ ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ትሪው ላይ ያለው ጠርሙስ ውሃ ብቻ ሆነ። ነጋዴው አነሳውና ነካው። «ለብ ብሏል» አለ ቀስ ብሎ።

«ፍታው» አልኩት አባቴን።

ቀስ ብሎ ፈታው፣ አንድ ዙር፣ ሁለት፣ ሦስት። ጠርሙሱ ሲወጣ መሐሉ ላይ እንደ ክንድ የወፈረ በረዶ ቆሞ ነበር። ነጋዴው «አላሁ አክበር» አለ። እህቴ ጮኸች። እኔ አልቅሼአለሁ፤ ድል ስላደረግሁ አይደለም፣ ከፍርሃቱ የተነሳ ነው።

አባቴ መዳፉን ጠርሙሱ ላይ አሳረፈ። ከዚያ ባናውን አነሳና በሁለት ጣቱ ያሸው ጀመር፣ እንደ ገዢ።

«ስለዚህ የራሱ ሙቀት የለውም» አለ።

«የለውም።»

«ሙቀቱ ከተኛው ሰው ነው።»

«አዎ። ባናው አያስወጣም ብቻ።»

«ሁለት ሰው ከተኛስ?»

«የሁለቱን ይይዛል።»

ሸሚዙን ገለጠና ሆዱን ለእህቴ ሰጣት። ወጋችው። ሲወጋ ሁልጊዜ ይሳደባል፣ ያን ቀን አልተሳደበም። ሸሚዙን መለሰና ወደኔ ዞረ።

«ለዚያ ለመንዜው ደውይልኝ።»

መንዜው የበግ ጠጉር ያመጣለት የነበረ ሰው ነው። አብረው ነው ያረጁት። ድንገት መምጣት ለምን እንዳቆመ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

«ምን ልትለው ነው?»

«እናትሽ የሞተች ክረምት አዲስ ባና ሠራሁ» አለ። «ለብሼው ተኛሁ፣ አልሞቅ አለኝ። ሌላ ደረብኩ፣ አልሞቅ አለኝ። ሦስት አደረግሁት። ጠጉሩ ነው አልኩ። የፍየል ጠጉር ቀላቅለህ ሸጥክልኝ፣ ሌባ ነህ ብዬ ገበያ መሐል፣ በሰው ፊት አዋረድኩት። ማለልኝ። በልጆቹ ማለልኝ። አላመንኩትም።»

እህቴ መርፌውን እንደያዘች ቆመች። ነጋዴው ሱቄ ብሎ ሹልክ አለ።

ስልኬን አውጥቼ ቁጥሩን ከአባቴ አሮጌ ደብተር ላይ ፈልጌ ደወልኩ። ብዙ ጠራ። ሲያነሳ ስልኩን ለአባቴ ሰጠሁት። በሁለት እጁ ያዘው።

«እኔ ነኝ» አለ።

ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈው።

«ጠጉሩ ደህና ነበር» አለው አባቴ። «ሰማኸኝ? ጠጉሩስ ደህና ነበር።»